የሆድን ለደብተር፦ ስለ ግል ማስታወሻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጭንቀትን ለማቅለል፣ ስሜትን ለይቶ ለማወቅ ሲሉ ማስታወሻ መያዝ ለጀመሩ ወይም ለመጀመር ላሰቡ የጎንደር ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ስለ «ደበረኝ» የተነሣውን ጥያቄ ብቻ አንብቦ ቢሄድም ይበቃዋል።

የግል ማስታወሻ ከአጀንዳ በምን ይለያል?

አጀንዳ ላይ የሚሰፍረው ጉዳይ ነው፤ የዕቁብ ቀን፣ የቤት ኪራይ፣ የማኅበር ተራ። የግል ማስታወሻ ላይ የሚሰፍረው ያ ሁሉ ጉዳይ ሲከናወን በውስጥዎ የነበረው ነው። ጎንደር የነገሥታት ዜና መዋዕል ሲጻፍባት የኖረች ከተማ ናት። ዜና መዋዕል ግን ለትውልድ እንዲነበብ ታስቦ ይጻፋል፤ የእርስዎ ደብተር አንባቢው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳመር፣ ማስረዳት፣ ራስን መከላከል አያስፈልግም።

እውነት ይረዳል ወይስ ወሬ ነው?

ይረዳል፤ ተአምር ግን አይሠራም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ4 ተከታታይ ቀናት በቀን 15 ደቂቃ እንዲጽፉ ተደረገ። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር ጻፉ። ሌሎቹ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ፤ ከእነዚህም አንዱ ቡድን የሆነውን ብቻ፣ ሁለተኛው የተሰማውን ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አንድ ላይ። በቀጣዮቹ ወራት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ መመላለሱ የቀነሰው ሁለቱን አንድ ላይ የጻፈው ቡድን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። ተደምሮ ሲታይ ጥቅሙ በአማካይ ትንሽ ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ስለዚህ «በ30 ቀን ሕይወትዎን ይቀይራል» የሚሉ ቪዲዮዎችን ባያምኑ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ጥናት ግን አንድ ነገር ይያዙ፦ የሆነው ነገርና የተሰማዎት ነገር በአንድ ገጽ ላይ ይገናኙ። ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው ይህንኑ እንዴት እንደሚያደርጉ የሚያሳይ ነው።

ምን ልግዛ?

አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ። ሽፋኑ ቆዳ የሆነ፣ በየገጹ ቀን የታተመበት አጀንዳ አንመክርም። ውድ ደብተር ሰውን ያሽኮረምማል፤ እንዳይበላሽ ተብሎ ቃል ሲመረጥ ዋናው ነገር ያልፋል። ቀን የታተመበት ደግሞ ያልጻፉበትን ቀን ሁሉ ባዶ ገጽ አድርጎ ይከስስዎታል።

ስለ ደብተሩ አሠራር አንድ ነገር ይወቁ። መሐሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ ደብተር አንድ ቅጠል ሲገነጠልለት በሌላው በኩል ያለው ጓደኛው ይላቀቃል፤ ከሳምንት በኋላ መሬት ላይ ወድቆ የሚገኘውም እሱ ነው። ጽፎ መቅደድ የሚፈልግ ሰው ከደብተር ባይገነጥል፣ ሉክ ወረቀት ገዝቶ በዚያ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ስልክ ላይ ብጽፍስ?

ይቻላል፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ይመረጣል። እጅ ከሐሳብ ስለሚዘገይ ከአሥሩ ሐሳብ አንዱን እንዲመርጡ ያስገድዳል፤ በመሐል የሚጮኽ መልእክትም የለበትም፤ መብራት ቢጠፋም በሻማ ይቀጥላል። ስልክ የሚሻለው ቤት ውስጥ ደብተር ማስቀመጫ ለሌለው ሰው ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። ማስታወሻው ለብቻው የይለፍ ቃል ይኑረው። የኢሜይል አካውንቱ በሌላ ሰው ስልክ ወይም በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ የቀረ አይሁን። ስልክዎን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ጽሑፉን ያውጡ፤ ጠጋኝ መክፈቻ ቁጥር መጠየቁ አይቀርምና።

በየቀኑ መጻፍ አለብኝ? ስንት ደቂቃ?

በየቀኑ ግዴታ አይደለም። አንድ ከባድ ነገር ለማውጣት ከሆነ ለ3 ወይም ለ4 ቀን በተከታታይ፣ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃል። የስልኩን ማንቂያ ሞልተው ይጀምሩ፤ ሲደውል የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ጨርሰው ይዝጉ። መጨረሻው የታወቀ ሲሆን ሰው ወደ ከባዱ ነገር ለመግባት ይደፍራል። መጨረሻ የሌለው ጽሑፍ ሌሊቱን ይበላል።

ሰዓቱ እንደ ቤቱ ይለያያል። የቡና ሰዓት አይሆንም፤ አቦል ሳይወርድ ጎረቤት ይገባል። ከእራት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን ለብዙዎች ይመቻል። ወይም ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቤተሰቡ ሳይነሣ። ከባድ ጉዳይ ግን ከመተኛትዎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጻፍ።

የመጀመሪያው ቀን ምን ልጻፍ?

ይህን ቅደም ተከተል ለአንድ ሳምንት ይሞክሩ፤ ከዚያ እንደ ራስዎ ያድርጉት።

1. ቀን፣ ሰዓትና ቦታ። «ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ጓዳ።» የዘመን አቆጣጠሩ አንድ ይሁን። ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ ከተጻፈ በኋላ ተመልሶ ለማገናዘብ ያስቸግራል፤ የግቢ ተማሪዎች እዚህ ላይ ብዙ ይሳሳታሉ።

2. አንድ መስመር ስለ ሰውነት። ትከሻ፣ ሆድ፣ ራስ ምታት፣ ትናንት ስንት ሰዓት እንደተኙ።

3. አንድ ትዕይንት። የቀኑ ታሪክ በሙሉ አይደለም። የት ነበርኩ፣ ማን ነበር፣ ምን ተባለ፤ ቃል በቃል ቢሆን ይመረጣል።

4. የተሰማዎት ስም፣ ከጎኑም ከ0 እስከ 10 ቁጥር።

5. «ምክንያቱም» የሚል ቃል ያለበት ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገር።

6. አንድ መስመር ለነገ፤ ትንሽ፣ የሚሠራ ነገር።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለው አይጨነቁ፤ አይሰርዙም፣ አያርሙም። ቃል ከጠፋ «ምን እንደምጽፍ አላውቅም» እያሉ እጅዎን ያንቀሳቅሱ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ላይ ሌላ ነገር ይመጣል።

ሁልጊዜ የምጽፈው «ደበረኝ» ብቻ ነው። ምን ይሻላል?

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋችንም ጠባይ አለበት። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደበረኝ፣ ታከተኝ፣ ቀፈፈኝ፣ ሆድ ባሰኝ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውየው ተደራጊ ነው፤ አድራጊው የለም። ለወዳጅ ሲነገር ይህ ጨዋነት ነው፤ ማንንም ሳይወቅሱ ሆድን መግለጽ ይቻላል። ደብተር ላይ ግን ጨዋነቱ ይጎዳል፤ የከፋዎት ነገር ምን እንደሆነ እርስዎም ሳያውቁት ገጹ ይሞላልና።

መፍትሔው ቀላል የሰዋስው ሥራ ነው። ግሱ ላይ «አስ»ን ይጨምሩበት። ከፋኝ የነበረው አስከፋኝ፣ ጨነቀኝ የነበረው አስጨነቀኝ፣ ደበረኝ የነበረው አስደበረኝ ይሆናል። «አስከፋኝ» ሲሉ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይጠይቃል፤ ማን? ምን? መቼ? መልሱን ሳይሰጡ ማለፍ አይችሉም።

ቀጥሎ ስሙን መለየት ነው። በ«ደበረኝ» ሥር ብዙ ነገር ይደበቃል። ንዴት የዛሬ ነው፤ ቂም ያደረ ነው። ቅሬታ የሚመጣው ጥሩ ከጠበቁበት ሰው ብቻ ነው፤ ከባዳ አይመጣም። ጸጸት «ያደረግኩት መጥፎ ነው» ይላል፤ ሐፍረት «እኔ መጥፎ ነኝ» ይላል። ሁለቱ የሚፈልጉት መድኃኒት የተለያየ ነው፤ ጸጸት ይቅርታ ሲጠየቅ ይቀላል፣ ሐፍረት ግን የሚለቀው ለሚያምኑት ሰው ሲነገር ነው። ስጋት ለወደፊቱ ነው፤ ናፍቆት ላለፈው። ባይተዋርነት በሰው መሐል ሆኖ ብቻ መሆን ነው፤ ከወረዳ ተነሥቶ ማራኪ ግቢ የገባ አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ደበረኝ» የሚለው እሱን ነው። ስም መስጠት ራሱ እንደሚያረጋጋ በአንጎል ምስል የታገዘ ጥናትም አሳይቷል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራ ተሳታፊዎች የተቆጣ ወይም የፈራ ፊት እያዩ ስሜቱን በቃል ሲሰይሙ፣ አሚግዳላ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያለው እንቅስቃሴ ቀንሶ ታይቷል።

ልዩነቱ እንዲታይ ለምሳሌ ያዘጋጀነው ይኸው። የመጀመሪያው አጻጻፍ፦

«ዛሬ ደበረኝ። ሰው ሁሉ ሰለቸኝ። ተኛሁ።»

ያው ቀን፣ በሁለተኛው አጻጻፍ፦

«ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከአዘዞ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እኅቴ ደወለች። ‹ለእማዬ መድኃኒቱን ገዛህ?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምንም ሳትል ስለ ወንድማችን አዲስ ሥራ ማውራት ጀመረች። ስልኩን ስዘጋ ጥርሴን ነክሼ ነበር። ያስከፋኝ እሷ ናት። ቅሬታ፣ 7። ከሥሩ ቅናትም አለ፣ 4፤ ምክንያቱም ቤት ቀርቼ የማስታምመው እኔ ስሆን ስሙ የሚነሣው የእሱ ነው። ደግሞ ድካም አለ፣ ምክንያቱም ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት የምነሣው እኔ ብቻ ነኝ። ነገ ደውዬ የቅዳሜን ሌሊት እንድትይዝልኝ እጠይቃታለሁ።»

ሁለተኛው ለመጻፍ የሚፈጀው 6 ወይም 7 ደቂቃ ነው። «ደበረኝ» ላይ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። የቅዳሜ ሌሊት ግን ይጠየቃል፤ እኅትዬውም እሺ ወይም እምቢ ትላለች። ቅናት የሚለውን ቃል ለመጻፍ እጅ ሲያመነታ ይታያል። ያ ማመንታት ራሱ ትክክለኛውን ቃል እንዳገኙ ምልክት ነው።

ከጻፍኩ በኋላ የባሰ ከፋኝ። ልተወው?

ወዲያው አይተዉት። ስለ ከባድ ነገር የጻፈ ሰው ደብተሩን ሲዘጋ ከበፊቱ ይልቅ ቢያዝን የተለመደ ነው፤ በአብዛኛው በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይቀላል። ከመጻፍዎ በፊትና ከጻፉ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቁጥር ያስፍሩ። በአራተኛው ቀን አራቱን ጥንድ ቁጥሮች ያወዳድሩ። እየቀነሱ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ካልቀነሱ ርእሱን ይቀይሩ።

ይህ ግን የተለየ ነው፦ ልብዎ በኃይል ሲመታ፣ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ፣ ነገሩ አሁን እየደረሰብዎ ያለ ሲመስልዎት። ያኔ እስክሪብቶውን ያስቀምጡ። እግርዎን መሬት ላይ አጥብቀው ይርገጡ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይጠጡ፣ ዙሪያዎን አይተው አምስት ነገር ድምፅ አውጥተው ይጥሩ፣ ከዚያ ሰው ወዳለበት ይሂዱ። በዚያ ርእስ ላይ ብቻዎን ድጋሚ አይጻፉ፤ እሱ ከባለሙያ ጋር የሚነሣ ነው።

ያንኑ ነገር ለሳምንታት እጽፋለሁ። ችግር አለው?

አለው። መብሰልሰል ይባላል፤ ደብተር ደግሞ ለመብሰልሰል ጥሩ ድስት ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር በሦስት የተለያዩ ቀናት ላይ ይገኛል። «ለምን እኔን?» የሚል ጥያቄ ይበዛል፤ «ምክንያቱም» ግን የለም። በየመስመሩ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነው፤ «እሱ እንዲህ አለ፣ እሱ እንዲህ አደረገ»። በቅርቡ ከትዳር አጋራቸው በተለያዩ ሰዎች ላይ የተሠራ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም ይህን ይደግፋል፤ ነገሩን እያብሰለሰሉ ትርጉም የሚፈልጉት ሰዎች ስሜታቸውን ከመጻፍ ይልቅ የቀን ውሏቸውን ብቻ ሲመዘግቡ የተሻለ አገግመው ተገኝተዋል።

ሲብሰለሰሉ ራስዎን ካገኙት፣ መጀመሪያ ስለ ራስዎ እንደ ሌላ ሰው ይጻፉ፤ ስምዎን ጠርተው «እሷ በዚያን ቀን ወደ ቤት ስትገባ...» እያሉ። ትንሽ ርቀት ያስገኛል። ካልሆነ ለ10 ደቂቃ በሌላኛው ሰው ቦታ ሆነው ይጻፉ፤ መስማማት አይጠበቅብዎትም። ይህም ካልሆነ ለአንድ ሳምንት ስሜት የሚባል ነገር አይጻፉ፤ የበሉትን፣ የሄዱበትን፣ ያገኙትን ሰው ብቻ ይመዝግቡ።

በነገራችን ላይ፣ ለተቀየሙት ሰው የማይላክ ደብዳቤ መጻፍ ጥሩ ልምምድ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን አይጻፍ። ጣት ትንሸራተታለች።

ሰው ቢያገኘውስ?

ብዙ ሰው የማይጽፈው በዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ልክ ነው። ሰው ያነበዋል ተብሎ የተጻፈ ደብተር ይዋሻል፣ የዋሸ ደብተርም አይጠቅምም። ስለዚህ ቦታውን አስቀድመው ያስቡበት።

ፍራሽ ሥር አያስቀምጡ። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ፍራሽ ይገለበጣል፣ ምንጣፍ ይነሣል፣ ቁም ሳጥን ይራገፋል። ከአሮጌ የትምህርት ደብተሮች መሐል፣ ሽፋኑ ላይ «ሒሳብ 11ኛ ክፍል» ተብሎ የተቀመጠ ደብተር የማንንም ዓይን አይስብም። ግቢ ውስጥ ከሆኑ ሎከር ውስጥ በቁልፍ፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን ማንሣትዎን አይርሱ።

የሰው ስም በመጀመሪያ ፊደል አይጻፍ፤ «አ.» ማን እንደሆነ ቤተሰብ በአንድ ዕይታ ያውቃል። በግዕዝ ቁጥር መተካት ይቀላል፤ ፩ አለቃዬ፣ ፪ የክፍል ጓደኛዬ። መፍቻው እዚያው ደብተር ላይ ከተጻፈ ግን ከንቱ ድካም ነው። ሰምና ወርቅ አድርጌ ልጻፈው የሚሉም አሉ። በቅኔ አገር ይህ ቢመጣ አይገርምም፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ሰሙ ደብተሩ ላይ ይቀራል፣ ወርቁን ደራሲውም ይረሳዋል።

ምንም አስተማማኝ ቦታ ከሌለ ጽፈው ያጥፉት። በሉክ ወረቀት ላይ 15 ደቂቃ ይጻፉ፣ ይቅደዱ፣ ከሰል ማንደጃው ላይ ያቃጥሉ። ዋናው ጥቅም መጻፉ ላይ ስለሆነ ብዙ አይቀርብዎትም፤ የሚቀርብዎት ወደ ኋላ ተመልሶ ማየቱ ነው። ለዚያ ደግሞ በአጀንዳዎ ላይ ቀኑን፣ አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ያስፍሩ፤ «ኅዳር 9፣ ቅሬታ፣ 7»። ማንም አይገባውም።

ቤት ውስጥ የሚመታዎት ወይም የሚያስፈራራዎት ሰው ካለ ምንም ነገር በጽሑፍ አያስቀምጡ። ማቃጠሉ ለእርስዎ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ሌሊት ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣኛል። መጻፍ ይረዳል?

ይረዳል፤ ግን ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ከመተኛትዎ በፊት ለ5 ደቂቃ ነገና ከነገ ወዲያ የሚሠሩትን ይዘርዝሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንቅልፍ ቤተ ሙከራ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀሪ ሥራቸውን የጻፉት ያለቀ ሥራቸውን ከጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው አንቀላፍተዋል። ዝርዝሩ ሲብራራ ይበልጥ ይረዳል፤ «መታወቂያ» ከማለት «ጠዋት 3 ሰዓት ቀበሌ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዤ» ማለት። ስሜትና ቅሬታ እዚህ ገጽ ላይ አይግቡ።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ነገሩ በደረሰበት ቋንቋ። አባትዎ በአማርኛ የተናገሩዎትን በእንግሊዝኛ ቢጽፉት ይቀልልዎታል፤ የሚቀልለው ግን ስለሚርቅ ነው። «ዲፕረስድ ነኝ» ማለት «ማንም አይፈልገኝም ብዬ አስባለሁ» ከማለት ይቀላል። ይህ ርቀት አንዳንዴ ይጠቅማል፤ በጣም ለከበደ ነገር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በእንግሊዝኛ ጀምሮ ወደ እናት ቋንቋ መመለስ ይቻላል።

የምስጋና ዝርዝር መጻፍስ?

«ተመስገን» አፋችን ላይ ስለሆነ ደብተር ላይም ሳናስበው ይፈስሳል፤ «ለጤናዬ፣ ለቤተሰቤ፣ ለሕይወቴ»፣ በየቀኑ ያው። እንዲህ ከሆነ አይሠራም። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው የታወቀ ጥናት ተሳታፊዎች በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ አምስት ነገር ለ10 ሳምንት ጽፈዋል፤ በሳምንት አንዴ ማድረጉ እንዳይሰለችም ይረዳል። የሚጻፈው ደግሞ ትንሽና ልዩ ይሁን፤ «ሌሊት 9 ሰዓት ውኃ ስትመጣ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ ቀሰቀሰችኝ፤ ሁለት ጀሪካን ቀዳሁ።» ሐዘን ላይ ያለ ሰው ግን በምስጋና ዝርዝር አፉን አይዝጋ።

የንስሐ አባት አለኝ፣ እጸልያለሁም። ደብተር ለምን ያስፈልገኛል?

ምናልባት አያስፈልግዎትም። ደብተር የንስሐ አባትን፣ ጸሎትን ወይም ሶላትን አይተካም፤ ይቅርታም አይሰጥም፣ አይመክርም። የሚሠራው ሐሳብን ማስተካከል ብቻ ነው። ብዙ ሰው ከሚያከብረው ሰው ፊት ሲቀርብ ዋናውን ትቶ ዳር ዳሩን ተናግሮ ይመለሳል፤ ቀደም ብሎ ለ15 ደቂቃ የጻፈ ሰው የሚናገረውን ያውቃል።

ሐዘን ላይ ነኝ። አሁን ልጀምር?

ስለ ሟቹ በጥልቀት ለመጻፍ አይቸኩሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶው፣ ሰልስቱ፣ የሚመጣው ሰው የራሳቸው ሥራ አላቸው፤ በዚያ ላይ ትኩስ ቁስልን ብቻ ሆኖ መቆፈር አይረዳም። እንደ ግምት ልክ አርባው እስኪያልፍ ቢቆዩ ጥሩ ነው። እስከዚያው አጭር ነገር ይያዙ፤ ማን እንደመጣ፣ ስለ ሟቹ ያልሰሙትን ምን እንደነገሩዎት። ይህን በኋላ የሚያስታውስልዎት የለም። ጦርነት ወይም መፈናቀል ላለፈበት ሰውም ያው ነው፤ አደጋው ገና ያላለፈ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለደኅንነትና ለሰው ነው።

ጀምሬ በሁለት ሳምንት ተውኩት።

ዛሬ ካሉበት ይቀጥሉ፤ ያለፈውን ለመሙላት አይሞክሩ። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚተወው በመጀመሪያው ቀን ስድስት ገጽ ጽፎ፣ በሁለተኛው ቀን ያንን ያህል መጻፍ ስለሚታክተው ነው። ለሚቀጥለው ወር ሦስት መስመር ይበቃዎታል፦ የሆነው፣ የተሰማኝ፣ ምክንያቱም።

የቆየውን ላንብበው?

በሳምንቱ ውስጥ አይክፈቱት። በወር አንድ ጊዜ እርሳስ ይዘው ያንብቡ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለበትን ቀን ያክብቡ፣ ከዚያ ሦስት ነገር ይፈልጉ። የሳምንቱ ስንተኛ ቀን ነው? ማን አለበት? ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት ስንት ሰዓት ተኙ? ንዴት ያሉት ነገር ከአምስት ሰዓት በታች በተኙበት ቀን ማግስት ብቻ የሚታይ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚስተካከለው እንቅልፉ ነው። ጳጉሜን ለዓመቱ ንባብ አመቺ ናት፤ አምስት ቀን ናት፣ አንዳንዴም ስድስት፣ ለአንድ ደብተርም ታንሳለች ማለት አይቻልም።

መጻፍ ለማይችል ወይም ለማይወድ ሰው ምን አለ?

የስልክ ድምፅ መቅጃ። 10 ደቂቃ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ከዚያ ማጥፋት። ብቻን እየሄዱ ማውራትም ይቻላል፤ ስልክ ጆሮ ላይ ካለ ማንም ዞሮ አያይም።

ደብተር የማይበቃው መቼ ነው?

ሐዘኑ ወይም ምንም ያለመፈለጉ ስሜት አብዛኛውን ቀን ይዞ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ከተስተጓጎለ፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰሙ፣ ነገርን ለመርሳት መጠጥ ወይም ጫት ከበዛ፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ። በከተማው ጤና ጣቢያዎች መጀመር ይቻላል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ደብተርዎ ላይ ስለ መሞት ወይም ራስን ስለ መጉዳት መጻፍ ከጀመሩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ይንገሩ፣ ብቻዎን አይደሩ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ሐኪም ዘንድ ደብተሩን ይዘው መሄድ የለብዎትም። ከደብተሩ ላይ ግማሽ ገጽ ይገልብጡ፦ መቼ እንደጀመረ፣ በሳምንት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ከፍተኛው ቁጥር የተመዘገበባቸው ሦስት ቀናትና ምን እንደነበረ። ሰልፍ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ያቺ ግማሽ ገጽ ብዙ ጊዜ ታተርፋለች፤ እንባ ቢቀድምዎትም ወረቀቱን ማቀበል ይችላሉ።